የትራንስፈር ኬዝ ኦይል ሲል

ትራንስፈር ኬዝ ፎር ዊል ድራይቭ በሆኑ ፒክአፖችና ሌሎች መኪኖች ላይ ከካምቢዮ በስተኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል የማርሽ ሳጥን ነው። ዘንጎቹ ከሳጥኑ በሚወጡበት ቀዳዳ ላይ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት ኦይል ሲል ይባላል። ቀለበቱ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ማፍሰሱ ችላ ከተባለ ሳጥኑ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል።

አሠራር

የኋላውና የፊቱ ትራስሚሲዮን የሚነሡት ከትራንስፈር ኬዝ ነው። አሽከርካሪው በማርሹ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ወይም አራቱንም ጎማዎች ማሠራት ይችላል። በዝቅተኛው ማርሽ የጎማው ፍጥነት በ2.5 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፤ የማዞር ኃይሉ ግን በዚያው መጠን ይጨምራል። ይህም ለዳገት፣ ለጭቃና ቁልቁለትን በሞተር እየያዙ ለመውረድ ይጠቅማል።

ኦይል ሲል ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የጎማ ከንፈርና ከንፈሩን በዘንጉ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ቀጭን ስፕሪንግ አለው።

የማፍሰስ ምክንያቶች

* ጎማው በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፤
* ከንፈሩ የሚነካው የፍላንጅ ገጽ ተበልቶ ቦይ ሲያወጣ፤
* የዘንጉ ኩሽኔታ ወይም የትራስሚሲዮኑ ክሮቸራ አልቆ ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ፤
* የሳጥኑ መተንፈሻ በአቧራ ወይም በጭቃ ሲደፈን።

የመጨረሻው ምክንያት በደጋ አካባቢ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ጨነቅ ግን 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ልዩነት የአየር ግፊቱ 17 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መተንፈሻው ከተደፈነ በሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ይበረታል፤ የሚሞቀውም ዘይት ግፊቱን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በደካማው በር፣ ማለትም በኦይል ሲሉ በኩል ይወጣል። በተቃራኒው የሞቀ ሳጥን ወንዝ ውስጥ ገብቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የመሰለ ነጣ ያለ መልክ ይኖረዋል።

አደጋው

ዘይት ያነሰበት ሳጥን ይሞቃል፤ ኩሽኔታውና ማርሾቹ ይጮሃሉ፣ በመጨረሻም ሊነክሱ ይችላሉ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ እንደሚወርደው እንደ ሊማሊሞ ባለ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ትራንስፈር ኬዝ ቢሰበር ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቅተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እንደ ቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉ መኪኖች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የተገጠመው በትራንስፈር ኬዙ ጀርባ ስለሆነ፣ የሚፈሰው ዘይት የፍሬኑን ሸራ አርሶ መኪናው ዳገት ላይ እንዳይቆም ያደርጋል።

ጥገና

መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት አስጊ ነው፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል።

1. ሳጥኑ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መኪናው ትንሽ ተነድቶ ዘይቱ በትክክል ከየት እንደሚወጣ ይታያል። ከካምቢዮ የሚወርድ ዘይት ሊያሳስት ይችላል።
2. የዘይት መሙያው ብሎን ከማፍሰሻው በፊት ይፈታል። መሙያው አልፈታም ቢል ዘይቱ ከወጣ በኋላ መልሶ መሙላት ስለማይቻል ነው።
3. ትራስሚሲዮኑ ከመፈታቱ በፊት በእሱና በፍላንጁ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሲመለስ ቦታውን ከሳተ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።
4. የፍላንጁ ዳዶ ተፈትቶ ፍላንጁ ይወጣል። ገጹ ቦይ ካወጣ ይለወጣል ወይም ቀጭን የብረት እጅጌ ይለብሳል።
5. አሮጌው ኦይል ሲል የሳጥኑን ብረት ሳይጭር ይነቀላል፤ መቀመጫውም ይጸዳል።
6. የአዲሱ ከንፈር ዘይት ይቀባል። ስፕሪንጉ የሚታይበት ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከዚያ ስፋቱ ተመሳሳይ በሆነ ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል፤ ካዘነበለ እንደገና ያፈሳል።
7. ፍላንጁና ትራስሚሲዮኑ ተመልሰው አምራቹ ባዘዘው ጥብቀት ይታሰራሉ፤ መተንፈሻውም ይጸዳል።
8. አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ ይሞላል።

መኪናው ከተነዳ በኋላ ዘይቱና የፍሳሹ ቦታ እንደገና ይታያል። ኩሽኔታው ወይም መተንፈሻው ሳይስተካከል ኦይል ሲል ብቻ መለወጥ ችግሩን በአጭር ጊዜ ይመልሰዋል።

የወጣው ዘይት

የተቃጠለ ዘይት በክዳናም ዕቃ መጠራቀም አለበት። የአንገረብ ግድብ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ በመሆኑ፣ መሬት ላይ የተደፋ ዘይት በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ መግባቱ የመኪናው ባለቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ስያሜዎች

በኢትዮጵያ ጋራዦች ብዙ የመኪና ክፍሎች የሚጠሩት ከጣሊያንኛ በመጡ ቃላት ነው። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቸራ፣ ትራስሚሲዮን፣ ዳዶና ክሪክ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኦይል ሲልና ትራንስፈር ኬዝ ግን ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው።