ከኡኡታው እስከ ፖሊስ ጣቢያው፦ ፖሊስን የሚያግዙ ነዋሪዎች ድርሻና ወሰን

መካነ ሰላም፦ ክረምቱ ሲገባ የአንድ አርሶ አደር በረት ሌሊት ተሰብሮ ጥማድ በሬዎቹ ቢሰረቁ፣ የሚጠፋው የከብቶቹ ዋጋ ብቻ አይደለም። የእርሻ ወቅት የጠፋ በሬ እስኪገኝ አይጠብቅም። በጊዜው ያልታረሰና ያልተዘራ ማሳ የዓመቱን ጎተራ ባዶ ያስቀራል። ባለበሬው ያለው አማራጭ ከዘመድ በሬ መዋስ፣ ተበድሮ መግዛት ወይም መሬቱን ለሌላ በእኩል መስጠት ነው። በገጠር የከብት ስርቆት የወንጀል ጉዳይ ብቻ ሳይኾን የምርት ጉዳይም የሚኾነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስርቆቱ በታወቀበት ሰዓት ታዲያ ብዙውን ጊዜ በአቅራቢያው ፖሊስ አይኖርም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ያሉት የቦረና፣ የሳይንት እና የወግዲ አካባቢዎች ከውርጫማ ደጋ ተነሥተው ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርዱ ናቸው። በገደልና በወንዝ የተለያዩት ጎጦች ከወረዳው ከተማ በእግር ብዙ ሰዓት ይርቃሉ። ፖሊስ ሰምቶ እስኪደርስ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጎረቤት እጅ ናቸው። እነዚህ ሰዓታት በሥርዓት ከተመሩ ንብረት ይገኛል፤ ተጠርጣሪም በሕይወት ለሕግ ይቀርባል። ያለ ሥርዓት ከተመሩ ግን ፋናው ይጠፋል፤ ንጹሕ ሰው ሊደበደብም ይችላል። አንዱ ስርቆት ወደ ደም ሊሸጋገር የሚችለውም ያኔ ነው።

እነማን ናቸው?

በአማራ ክልል የማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል አሠራር በ1990ዎቹ ተጀምሮ ወደ ቀበሌ ወርዷል። በአሠራሩ ውስጥ የሚጠሩት ስሞች የተለያዩ ናቸው፤ ሥልጣናቸውም እንዲሁ ይለያያል።

የመጀመሪያው በቀበሌው የሚመደበው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ ነው። እርሱ የፖሊስ አባል ነው፤ ተጠሪነቱም ለፖሊስ ነው። ሁለተኛው አማካሪ ምክር ቤት ነው። በዚህ ውስጥ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሴቶችና ወጣቶች ተቀምጠው የአካባቢያቸውን ስጋት ይለያሉ፤ ለፖሊስም ሐሳብ ይሰጣሉ። ሦስተኛው የቤተሰብ ፖሊስ የሚባለው ነው። ይህ ሰው ደንብ ልብስም ኾነ መሣሪያ የለውም። በቤቱና በቅርብ ጎረቤቶቹ መካከል ጠብ ሲጀመር አስቀድሞ ማብረድ፣ ከአቅም በላይ የኾነውን ደግሞ ማሳወቅ ድርሻው ነው። በከተማ ደግሞ ነዋሪው ተራ ገብቶ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ የሚያቆመው የሌሊት ሮንድ አለ።

የቀበሌ ሚሊሻ ከእነዚህ ይለያል። ሚሊሻ የታጠቀና በራሱ አደረጃጀት የሚመራ ኃይል ነው። ይህን ልዩነት ነዋሪው ማወቁ ጠቃሚ ነው። የምክር ቤት አባል ወይም የቤተሰብ ፖሊስ ሲቪል ሰው ነው፤ አቅሙም የሚመነጨው ከጎረቤቶቹ እምነት እንጂ ከጠብመንጃ አይደለም።

አዲስ ነገር አይደለም

ኅብረተሰቡ የራሱን ሰላም መጠበቁ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ ወንጀል ሲፈጸም በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስም ተሰብሳቢው ወደ ሥራው እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። በዘውዱ ዘመን ነጭ ለባሽ የሚባሉ ሲቪል ታጣቂዎች በየአካባቢው ጸጥታ ያስከብሩ ነበር። በ1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ እንዲኖራቸው ፈቀደ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ከአካባቢው ሰው የተሻለ አካባቢውን የሚያውቅ የለም፤ ማን ሌሊት እንደ ወጣ፣ የማን ከብት በየት እንዳለፈ የሚያየው ጎረቤት ነው። በሌላ በኩል ወሰን ያልተበጀለት ሥልጣን ለበቀል ይመቻል። አውጫጭኝ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብሎ ጥፋት የሌለበትን ሕዝብ ከእርሻው ያግድ ነበር። የጥበቃ ጓዶችም የፖለቲካ መሣሪያ የኾኑበት ጊዜ ነበር።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተራ ነዋሪም ሰው መያዝ የሚችልበትን ኹኔታ በአንቀጽ 50 አስቀምጧል። ፈቃዱ እጅ ከፍንጅ ለተገኘ ወንጀል ነው፤ ወንጀሉም ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ መኾን አለበት። አንድ ሰው ሲሰርቅ፣ ለመስረቅ ሲሞክር ወይም ወዲያው ሰርቆ ሲገኝ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ይባላል። ኡኡ ተብሎ ሕዝብ ሲከተለውም ሕጉ ከእጅ ከፍንጅ ይቆጥረዋል። የገጠሩ ኡኡታ በሕግ ዘንድም ቦታ አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መያዝ ማሰር አይደለም፤ መቅጣትም አይደለም። የተያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ መሰጠት አለበት። ፖሊስም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ተጠርጣሪውን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። የተያዘ ሰው የማይናገር ከኾነ የመናገር ግዴታ የለበትም። በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይኾንም።

ስለዚህ ፖሊስን የሚያግዝ ነዋሪ ሌባ ተብሎ የተጠረጠረን ሰው ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበር፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስሮ ማሳደር፣ መደብደብ ወይም በራሱ ውሳኔ የገንዘብ ቅጣት መጣል አይችልም። ይህን የሚያደርግ ሰው በዓላማው ቀና ቢኾንም ራሱ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህም በላይ ተጠርጣሪው በእርግጥ ጥፋተኛ ቢኾን እንኳ ማስረጃው ይበላሻል፤ ባለበሬውም ፍርዱን ያጣል።

ሌሎች አገሮችም ይህን ወሰን ለይተው አስቀምጠዋል። እንግሊዝና ዌልስ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2002 ባወጡት ሕግ ፖሊስን የሚደግፉ የማኅበረሰብ ባለሙያዎችን አቁመዋል። እነዚህ ባለሙያዎች ደንብ ልብስ ለብሰው በየሰፈሩ ይዘዋወራሉ፤ ከነዋሪው ጋር ይነጋገራሉ፤ የፖሊስ መኮንን ያለው የማሰር ሥልጣን ግን የላቸውም።

ሽምግልና የሚችለውና የማይችለው

በወሎ ገጠር ሰላምን የሚጠብቀው መዋቅር ብቻ አይደለም። ቅሬ ለቀብር የቆመ ማኅበር ቢኾንም የቅሬ ዳኛ ቃል ይከበራል፤ ከቅሬ መገለል ብዙ ሰው ከእስር ያላነሰ የሚፈራው ቅጣት ነው። በደም የተፈላለጉ ወገኖችን ለማስታረቅ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋራ የሚያከብሩት የአበጋር ሥርዓት አለ።

የማሳ ድንበር፣ የግጦሽ ወይም የመስኖ ውኃ ተራ ጠብ ሲነሣ በሽማግሌ ፊት ማለቁ ጊዜንም ገንዘብንም ያተርፋል። ሰው በተገደለ ጊዜ ግን እርቁ የክሱ ምትክ አይደለም። እርቅ ደም መላሽን ያስቆማል፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተጠባብቆ ማሳውን ጾም እንዳያሳድር ያደርጋል። ገዳዩ በሕግ መጠየቁ ግን ይቀጥላል።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው በቤት ውስጥ ለሚፈጸም በደል ነው። የተደፈረች ሴት ወይም ያለዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ጉዳይ በሽምግልና ተሸፍኖ እንዳይቀር ያስፈልጋል። ያለዕድሜ ጋብቻ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የቤተሰብ ፖሊሱ የበደለኛው አባት፣ ወንድም ወይም አበልጅ ሊኾን ስለሚችል፣ ተበዳይዋ በቀጥታ ለፖሊስ ወይም ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የምታመለክትበት መንገድ ክፍት መኾን አለበት። ሴቶች በአማካሪ ምክር ቤት መቀመጣቸው ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

በአስቸጋሪ ጊዜ

በ2015 ዓ.ም ክረምት ክልሉ ወደ ትጥቅ ግጭት ከገባ ወዲህ የዚህ ሥራ ክብደት ጨምሯል። ወንጀልን ለመከላከል የተሰጠ መረጃ የወገንተኝነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በአንጻሩም የግል ቂም የጸጥታ ጥቆማ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ሲቪሉን አጋዥ ከዚህ የሚጠብቀው ሥራው በወንጀል መከላከል መወሰኑ ነው። ያየውን እንጂ የሰማውን ሐሜት እንደ እውነት ባለማቅረብ፣ ጎረቤቱን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ባለመጠቆም እምነቱን ይጠብቃል።

ስርቆት ሲደርስ

ስርቆት የደረሰበት ሰው ወዲያው ለጎረቤትና ለቀበሌው ፖሊስ ማሳወቅ ይኖርበታል። የበረቱን አካባቢና የከብቱን ፋና ሰው እንዳይረግጠው መከልከል ጠቃሚ ነው። የከብቱን ቀለም፣ የቀንዱን ቅርጽና የጆሮውን ምልክት ለይቶ መናገር፣ በአቅራቢያ ላሉ ገበያዎችም ቶሎ መልእክት ማድረስ ፍለጋውን ያቀለዋል። ፋና ተከታዮች ለብቻ ሳይኾን በቡድን ቢሄዱ ይመረጣል፤ ያገኙትን ሰውና ንብረት ማን፣ መቼ፣ የት እንዳገኘ አስታውሰው ለፖሊስ ማስረከብ አለባቸው። ከብት ገዢም ሻጩን የሚያውቅ ዋስና ምስክር ሳይዝ ባይገዛ የሌባው ገበያ ይዘጋል።

ፖሊስም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ጥቆማ የሰጠን ሰው ማንነት መጠበቅ፣ የተረከበውን ተጠርጣሪ ጉዳይ የት እንዳደረሰው ለኅብረተሰቡ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ዛሬ ያስረከቡት ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ነገ በመንደር ሲዞር ያየ ነዋሪ፣ በሚቀጥለው ኡኡታ ላይ ወይ ከቤቱ አይወጣም ወይም ፍርዱን በራሱ እጅ ሊወስድ ይነሣል።