ስለ አሮጌ አውቶሞቢል የዋጋ መጽሐፍ

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፤ ጀርባዋን ሳይዳስስ፤ ጥቂትም ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቆጥርም። ዕድሜዋ በጥርሷ ይታወቃልና። የአውቶሞቢል ድካም ግን ከብረት ክዳን በታች የተሰወረ ነው፤ ዋጋውንም ደላላው ያውቃል እንጂ ገዢው አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ከአምባሰል የመጡ ዘመዶቻችን በሬዎቻቸውን ሸጠው ከሐይቅ ደሴ ሰው የሚያመላልስ አሮጌ አውቶሞቢል ለመግዛት አሰቡ። «ጋሼ፤ የተጠየቅነው ዋጋ ተገቢ ነውን?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አጣን። ስለዚህ ይህ ችግር በሌላ አገር እንዴት እንደ ተቃለለ መርምረን ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን።

ሌስ ኬሊ የተባለ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ በ450 ዶላር መነሻ፤ ሦስት የፎርድ አውቶሞቢሎች በሜዳ ላይ አቁሞ ንግድ ጀመረ። ሊገዛ የሚፈልጋቸውን አውቶሞቢሎችና የሚከፍለውን ዋጋ እየዘረዘረ ለነጋዴዎችና ለባንኮች ይልክ ነበር። ዝርዝሩም ስለ ታመነ በ1926 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ «ሰማያዊ መጽሐፍ» ተባለ። ስሙ የተወሰደው የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ከሚጻፍበት መዝገብ ነው። በፈረንሳይ አርጉስ በ1927፤ በእንግሊዝም የግላስ መጽሐፍ በ1933 ዓ.ም. ተከተሉ።

ነገር ግን የኬሊ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የነጋዴዎችና የባንኮች መሣሪያ ሆኖ ኖረ። ለተራው ገዢ የታተመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ዕውቀቱ ከሻጩ እጅ ወደ ገዢው እጅ እስኪደርስ 67 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ መጽሐፍ ለእኛ ገበያ ይሆናልን? አይሆንም። በዚያ አገር አውቶሞቢል በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል። በአገራችን ግን ቀረጡ ከዋጋው ጋር ይደመራል፤ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ የሚከፈለው ግብር እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው አሮጌ እንኳ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ይታያል።

እንግዲህ ለዘመዶቻችን የመከርናቸው ይህ ነው። አንደኛ፤ የአንድ ዓይነትና የአንድ ዘመን አውቶሞቢል ዋጋ ቢያንስ በሦስት ቦታ ጠይቃችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፤ ሻጩ ያመጣውን ሳይሆን ራሳችሁ የመረጣችሁትን መካኒክ አሳዩ። ሦስተኛ፤ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከአውቶሞቢሉ ጋር መስማማቱን ተመልከቱ፤ ውሉንም በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ፊት ፈርሙ።

የቤት እመቤቲቱ ምክሩን ሰምታ ዋጋውን በልጇ የትምህርት ደብተር ላይ ታስጽፍ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ሻጭ የጠየቃቸው ዋጋ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፤ በሬዎቹ በዚያ ቀን ተሸጠው ቢሆን ኖሮ የቤቱ ጥሪት በከንቱ በጎደለ ነበር። የኬሊም መጽሐፍ የተጀመረው እንዲህ ባለ ዝርዝር ነው። ለአገራችንም ገበያ የታመነ የዋጋ መጽሐፍ እስኪታተም ድረስ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ደብተር ይያዝ እንላለን።