ዕቃው ዶራሌ ደርሷል፤ ማስጠንቀቂያውስ?

ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ የወደብ ሰፈር ነው። የኮንቴይነር ወደቡ በ2009፣ ሁለገብ ወደቡ ደግሞ በ2017 ተመረቁ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ስለዚህ መርካቶ የሚሸጠው የሕፃን አልጋም ሆነ ውጭ ያለች አክስት ለአራስ ብላ የላከችው ዥዋዥዌ በባሕር ከመጣ፣ ከመርከብ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው።

ኮንቴይነሩን ተከትሎ የሚመጣው ሰነድ የዕቃውን ዓይነት፣ የጥቅሉን ብዛትና ክብደቱን ይናገራል። ያገለገለ ከሆነማ «የቤት ዕቃ» ተብሎ በጅምላ ይጻፋል። አምራቹ ራሱ «ሕፃን አታስተኙበት» ብሎ ካወጀ ዓመታት ቢያልፉም ወረቀቱ ላይ አይታይም። ቀረጡ ይታሰባል፣ ዕቃው ባቡር ወይም ከባድ መኪና ላይ ይጫናል፣ በቃ።

እኛ ዘንድ ዕቃ «ከገበያ ይሰብሰብ» ሲባል የምንሰማው በአብዛኛው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለታሸገ ምግብ ወይም ስለመድኃኒት ሲያስታውቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ዕቃና ለሕፃናት ዕቃ ይህን የሚሠራው በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ነው። አንድ ምርት ጉዳት ማድረሱ ሲታወቅ ኮሚሽኑና አምራቹ ባንድነት ያስታውቃሉ፤ ሽያጩ ይቆማል፤ በእጁ ያለው ሰው መጠቀሙን ትቶ ገንዘቡን፣ ምትክ ወይም ጥገና ይጠይቃል። በ2008 የወጣው ሕግ እንዲህ የተሰበሰበን ዕቃ መሸጥ ከልክሏል። አልጋና የመሳሰሉት የሕፃናት ዕቃዎችም የመመዝገቢያ ካርድ ይዘው እንዲሸጡ አዘዘ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር አምራቹ ገዢውን በአድራሻው እንዲያገኘው።

ጉዳዩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ ነው። አልጋው ለጎረቤት ሲሰጥ፣ ከጎረቤት ካርቶን ውስጥ ገብቶ ባሕር ሲሻገር፣ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ዕቃው ወደሌለበት የድሮ አድራሻ ነው።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ ታሪክ ያሳያል። ፊሸር ፕራይስ የተባለው ስመ ጥር ኩባንያ በ2009 «ሮክን ፕሌይ ስሊፐር» የሚባል የሕፃን መተኛ ለገበያ አቀረበ። በብረት እግሮች ላይ የተዘረጋ፣ ራስጌው ወደ 30 ዲግሪ ቀና ያለ፣ የሚወዛወዝ የጨርቅ መኝታ ነው። ወላጆች ወደዱት፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚነጫነጭ ልጅ እዚያ ላይ ዝም ይላልና። በካናዳ ግን «መተኛ» በሚል ስም አልተሸጠም፤ እዚያ የማባበያ መቀመጫ ነበር። በኤፕሪል 2019 በአሜሪካ 4.7 ሚሊዮን ያህሉ፣ አንድም ሞዴል ሳይቀር፣ እንዲሰበሰብ ተነገረ። ያን ጊዜ የተመዘገበው የሕፃናት ሞት ከ30 በላይ ነበር። በዚያው ወር ኪድስ ቱ የተባለው ኩባንያ 694 ሺህ ያህል ተመሳሳይ መተኛዎችን አስመለሰ።

በጃንዋሪ 2023 ኮሚሽኑ ስለሁለቱም እንደገና ማስጠንቀቅ ግድ ሆነበት። በፊሸር ፕራይሱ መተኛ ላይ ደረሰ ተብሎ ሪፖርት የተደረገው ሞት ወደ 100 ከፍ ብሎ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ የሞቱት ከማስታወቂያው በኋላ ነው። በኪድስ ቱ መተኛ ከተመዘገቡት 15 ሞቶች 4ቱ እንዲሁ። ወሬው በቴሌቪዥን በተነገረበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ጭራሽ ባልደረሰበት ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ዘመም ያለው መኝታ ሕፃንን የሚጎዳው እንዴት ነው? የአራስ ልጅ ራስ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። ራስጌው ቀና ባለ ነገር ላይ ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይወድቅና የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ኮሚሽኑ በ2019 ያስጠናው የባለሙያዎች ምርመራ ደግሞ፣ ሕፃን እንዲህ ባለ ዘመም መኝታ ላይ በሆዱ ከተገለበጠ ራሱን ለማዳን ሲታገል ጡንቻው ቶሎ እንደሚዝል አሳየ። ከ10 ዲግሪ በላይ የሚዘም መኝታ ለእንቅልፍ አይሆንም የሚለው ድምዳሜ የመጣው ከዚሁ ነው። በ2022 አሜሪካ ይህን ሕግ አደረገችው፤ የአልጋ ዳር የሚከበብበትን ወፍራም ትራስም አብራ ከለከለች። «እኛስ በአንቀልባ አድገን የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አንቀልባ ውስጥ ያለ ልጅ ነቅቶ የሚንቀሳቀስ ሰው ጀርባ ላይ ነው፤ ሲያቃስት ይሰማል። መተኛው የተሠራው ግን እናት ዞር እንድትል፣ እሷም እንድታሸልብ ነው።

ዕቃውን መመርመር ብዙ ጊዜ አይወስድም። አልጋውን ወይም ዥዋዥዌውን ገልብጡት። ከሥሩ፣ ከእግሩ ወይም ከጨርቁ ስፌት ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞዴል ቁጥርና የተመረተበት ጊዜ የታተመበት መለያ አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የልጆች ዕቃ ከኦገስት 2009 ወዲህ ይህን የመሰለ የማይፋቅ ምልክት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ጨርቅ ሊለወጥ ስለሚችል የብረቱን ወይም የፕላስቲኩን መለያ ማመን ይሻላል። በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ፊደሏን «ኦ» ከዜሮ ለይታችሁ በትክክል ገልብጡት። ከዚያ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ፣ በሲፒኤስሲ ዶት ጎቭ፣ የኩባንያውን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ፈልጉ። ስሙ ስለተገኘ ብቻ ዕቃችሁ ነው ማለት አይደለም፤ ሥዕሉን፣ የሞዴሉን ቁጥርና የተመረተበትን ጊዜ አንድ ባንድ አስተያዩ።

ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ዕቃ ብዙ ነው። ለዚያ የሚረዳው የፈረንሳይ መንግሥት በኤፕሪል 2021 የከፈተው «ራፔል ኮንሶ» የተባለ ድረ ገጽ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት በሙሉ «ሴፍቲ ጌት» አለ። የብዙ አገሮችን ማስታወቂያ ባንድ ቦታ የሚያሳየውን መድረክ ደግሞ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ከ2012 ጀምሮ ያንቀሳቅሰዋል።

ዝርዝሩ ውስጥ አለመገኘት ግን የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። ስም የለሽ አምራች በድረ ገጽ የሸጠውን ማን ይሰበስበዋል? እንዲህ ሲሆን ኮሚሽኑ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ስለዚህ ከማስመለሻው ጋር ማስጠንቀቂያዎቹንም ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሁሉ በማይገኝበት ጊዜ ዓይንና እጅ ይሠራሉ። አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ በአሜሪካ ከጁን 2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ሲያዩት ቢያምርም ይቅር። በአልጋው ርብራቦች መካከል የለስላሳ ጣሳ ካለፈ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ልኩ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያህል መብለጥ የለበትም። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ካለ ፍራሹ ልኩ አይደለም። መለያው ተቀዶ የጠፋበትን ዘመም ያለ መተኛ እኔ ለልጅ አልመክርም። የሕፃናት ሐኪሞች የሚሉት አጭር ነው፤ ልጁ በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ትራስም አሻንጉሊትም ሳይከበው ይተኛ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። አንዳንዴ ግን ዕድሉ የተጻፈው አልጋው ሥር ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ተቀምጦ የአሜሪካ ኩባንያን ገንዘብ መልስ ማለት ብዙም አያዋጣም። ዕቃው ዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ግን ለሌላ ሰው አይሰጥ፣ አይሸጥም፤ ጨርቁ ተቀዶ፣ ብረቱ ተሰብሮ ይጣል። ዋናው ልመናዬ ለላኪዎቹ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ፓሪስ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዝርዝሩ በምታነቡት ቋንቋ እደጃችሁ አለ። ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡ፣ ቁጥሩን ፈልጉ፣ የመለያውንም ፎቶ ለተቀባዩ ላኩለት።