ገላዋ የመንግሥት፣ ነፍሷ የማን?

አንድ ቆሻሻ ሰብሳቢ ፖሊሶች ፊት ተቀምጧል። ሚስቱ ልትፈታው እንደፈለገች፣ መልአክ የመሰለች ሴት ልጅ እንዳለችው ለሥራ ባልደረባው ሲያወራ የነበረ ሰው ነው። መርማሪዎቹ ግን ሚስትም ልጅም እንደሌለው ይነግሩታል። የልጄ ነው እያለ ሲያሳይ የነበረው ፎቶግራፍ ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ አጠገቡ ውሻ አለ። ትዳሩን የፈጠረለት አእምሮው ውስጥ ሰርጎ የገባ የኮምፒውተር ጠላፊ ነው። ሰውየው ያ የሐሰት ትዝታ ይፋቅለት እንደሆነ ይጠይቃል። አይፋቅም።

«ጎስት ኢን ዘ ሼል» የተባለው የጃፓን አኒሜ በዚህ አጭር ትዕይንት ብቻ እንኳ ከብዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ይበልጣል። ማሞሩ ኦሺ እ.ኤ.አ. በ1995 ያዘጋጀው ይህ ፊልም መነሻው የማሳሙኔ ሺሮ ማንጋ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያንሳል።

ታሪኩ በ2029 ይካሄዳል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ «ክፍል 9» በተባለ የጸጥታ ቡድን ውስጥ ታገለግላለች። አካሏ በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ የተፈጥሮ የሆነው ከአንጎሏ የቀረው ብቻ ነው። ሥራዋን ብትለቅ ያንን ገላ ለመንግሥት መመለስ አለባት። ታዲያ የእሷ የሆነው ምኑ ነው? ባሕር ውስጥ ጠልቃ ወጥታ ከባልደረባዋ ከባቶ ጋር ጀልባ ላይ ስትጨዋወት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ይሰማል። ቃሉ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መስተዋት ከጻፈው የተወሰደ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ተመልካች ወዲያው ያውቀዋል።

ሞቶኮ የምታሳድደው ያ የትዝታ ጠላፊም ሰው አይደለም። ለስለላ የተሠራ ፕሮግራም ሆኖ ሳለ ራሱን ያወቀ፣ ሕያው ነኝ ብሎ የፖለቲካ ጥገኝነት የሚጠይቅ ፍጡር ነው። ፕሮግራም ብቻ ነህ ሲሉት ዲኤንኤም ራሱን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው ብሎ ይሞግታል። የሚመኘው ደግሞ ዘላለማዊነትን አይደለም፤ መውለድንና መሞትን ነው።

ኦሺ ለከተማው ሆንግ ኮንግን አርአያ አድርጓል። በፊልሙ እኩሌታ ገደማ ሦስት ደቂቃ ያህል ማንም አይናገርም፤ ዝናብ፣ ቦይ፣ የሱቅ አሻንጉሊቶች፣ እንዲሁም መልኳ ቁርጥ ሞቶኮን የመሰለች ሴት ብቻ ይታያሉ። የኬንጂ ካዋይ ዜማ በጥንታዊ ጃፓንኛ የተጻፈ የሠርግ መዝሙር ሲሆን አዘማመሩ የቡልጋሪያን የሴቶች መዘምራን ያስታውሳል። ቀልብ ይሰርቃል።

«ዘ ማትሪክስ»ን የሠሩት ዋቾውስኪዎች ምን ዓይነት ፊልም መሥራት እንደሚፈልጉ ለፕሮዲውሰሩ ለጆኤል ሲልቨር ያስረዱት ይህንኑ አኒሜ አሳይተው ነው። የእነሱ ፊልም በ1999 ወጣ።

ሥዕል ነው ተብሎ ግን ለልጆች አይከፈት፤ ደምና እርቃን ገላ አለበት። አዋቂ ተመልካች ሆይ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል በጃፓንኛው ድምፅ ይመልከቱት፤ ዝናቡ ሲጀምርም ወደፊት አያሳልፉት።