የአስተርጓሚው ፈተና

ሕግ ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ ሕጉ መጠበቁን መመርመር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የዚህን እውነትነት ከኮምፒዩተር ታሪክ አንድ ምሳሌ አንሥተን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ኮምፒዩተር የሚያውቀው በቍጥር የተሰጠ ትእዛዝን ብቻ ነው። ሰው ለራሱ በሚመች ቋንቋ የጻፈውን ወደ ቍጥር የሚመልስለት ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ይኸውም አስተርጓሚ ማለት ነው። አስተርጓሚው ከተሳሳተ ጸሐፊው ያላሰበው ይፈጸማል፤ ደመወዝ ይጐድላል፥ የግብር ሒሳብ ይዛነፋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ኮቦል የሚባለው የሒሳብና የመዝገብ ሥራ ቋንቋ በአሜሪካ አገር መዘጋጀት ጀመረ። ዓላማውም አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በማናቸውም ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ነበር። በ1968 ቋንቋው ብሔራዊ ደረጃ ወጣለት። ሆኖም ሻጭ ሁሉ «የእኔ ኮምፓይለር ደረጃውን ያሟላል» ሲል ገዢው መንግሥት በምን ያረጋግጥ? የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ግሬስ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጁ። መልሱም ኮምፓይለሩ የደረጃውን ድንጋጌዎች መፈጸሙን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች ናቸው።

የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ያሠራው አዳ የተባለው ቋንቋ በ1983 ደረጃ ሲወጣለት ፈተናው ይበልጥ ጠበቀ። ከፈተናዎቹ አንዳንዶቹ ትክክለኛ ፕሮግራሞች ስለ ነበሩ ኮምፓይለሩ ተቀብሎ በሚገባ ማስፈጸም ነበረበት። ሌሎቹ ደግሞ ሆን ተብሎ ስሕተት የገባባቸው ስለ ነበሩ «አልቀበልም» ማለት ይጠበቅበት ነበር። እሺ ባይ ብቻ የሆነ አስተርጓሚ ታማኝ አይደለምና፥ ይህ ብልኅ ዘዴ ነው።

ፈተናውን በመጀመሪያ ያለፈው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኮምፓይለር ነበር። ይህ ኮምፓይለር እጅግ ዘገምተኛ ነበር፤ ቢሆንም ፈተናው ስለ ፍጥነት አልጠየቀምና የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። የምስክር ወረቀትም የሚመሰክረው ለተጠየቀው ነገር ብቻ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እንዳስተማሩት፥ ፈተና ስሕተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም።

እንግዲህ ዕቃ ተረክበን የምንፈርም ወጣት ሠራተኞች ማኅተሙን አይተን ብቻ ልንረካ አይገባንም። ምን ተፈተነ? ማንስ ፈተነው? ሳይፈተን የቀረውስ ምንድን ነው? ብለን እንጠይቅ። መርማሪ የሌለው ደንብ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራልና።