የትኛው 1947?

ስለ ኩየራ የተጻፈ ነገር ለእርማት ሲመጣልኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ በአርሲ ነገሌ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ስሟ በብዛት የሚነሣው በአድቬንቲስት ኮሌጇ ነው፤ እሱም «በ1947 ተመሠረተ» ተብሎ ይታለፋል። በማን አቆጣጠር? ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ከገባ አንባቢ በእኛ ይወስደዋል፤ ትምህርት ቤቱ ሰባት ስምንት ዓመት ከዕድሜው ይጎድልበታል። «ስምንት ቀንስለት» ብሎ የሚገላገል አራሚም አለ። ነገሩ የሆነው ከመስከረም በፊት ከሆነ 1939 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 1940። ወሩ ካልተገኘ «እ.ኤ.አ.» ጨምሬ ቁጥሩን አልነካውም። ለንባብ አይጥምም፣ ግን ልክ ነው።

ሽማግሌ መጠየቅ የሚንቁ ዘጋቢዎች አሉ። እውነት ነው፣ ሽማግሌ ዓመቱን ላይጠራልህ ይችላል፤ «ጣሊያን በወጣ ሰሞን» ይልሃል። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። ከዚያ እስከ 1939 ስድስት ዓመት፣ እስከ እኛው 1947 ግን አሥራ አራት። ይህ ወሩን ባይነግረኝም የትኛውን መንገድ መተው እንዳለብኝ ይነግረኛል።

የሻሸመኔው የራስታዎች መሬት ደግሞ ይብሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁር ሕዝቦች የሰጡት አምስት ጋሻ ነው። ጋሻው በ40 ሄክታር ሲሰላ 200 ሄክታር ይሆናል፤ በኤከር 500 ገደማ። ታዲያ «500 ሄክታር» የሚል ጽሑፍ መጣልኝ። ጸሐፊውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ አራት ቦታ አይቼዋለሁ» አለኝ። አራቱንም አምጣ አልኩት። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ገልብጧል። እኔ ዘንድ ያ አንድ ምንጭ ነው፣ እሱም የተሳሳተ።

በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃ ሥርጭትን ይከለክላል። ይሁን። እኔ ጋ የሚመጣው ግን አብዛኛው የዋሸ ሳይሆን የቸኮለ ሰው ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መግለጫ ስብሰባው በ8:00 ይጀመራል ይላል፤ ተርጓሚው «8 ሰዓት» ብሎ ያሳልፈዋል፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ሰዓት ያለበት መግለጫ ከመጣ ላዘጋጁ መሥሪያ ቤት ስልክ እመታለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»