ጣናን በእግር

ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ ጣናን የሚያየው ከሞላ ጎደል በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጠዋት በሞተር ጀልባ ይሳፈራል፤ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዘጌ ይወርዳል፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አንጋጦ ያያል፤ ፎቶ ይነሳና ለምሳ ባሕር ዳር ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ እንደዚሁ አድርጌ፣ ጣናን አየሁ ብዬ ለወዳጅ ዘመድ አውርቻለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ዳር ዳሩን በእግሬ ስሄድ ግን አፈርኩ። ጀልባው ሽው ብሎ የሚያልፈው አረንጓዴ ግድግዳ፣ ደንገሉና ረግረጉ፣ የአካባቢውን ታሪክ ግማሹን ይዞ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ዳሩ የት እንደሆነ ማወቅ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ትሪ ላይ የፈሰሰ ውኃ በሉት። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ሜዳማ በሆነው በፎገራና በደምቢያ በኩል ይህች አንድ ሜትር ተኩል ውኃውን ብዙ ርቀት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ገበሬው ታዲያ የሸሸውን ውኃ እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራውን፣ ጓያውን፣ በቆሎውን ይዘራል። እርሻውንም "ባሕር ሸሽ" ይለዋል። በጥቅምት ታንኳ የተቀዘፈበት ቦታ በመጋቢት ከብት ይግጥበታል። ስለዚህ እዚያ አገር መንገድ የሚጠይቅ ሰው ወሩንም አብሮ መናገር አለበት።

ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ነው። ከከፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ ለአገራችን አራተኛው መሆኑ ነበር። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ሰው ይውጣ፣ አውሬ ይግባ የሚል ይመስላል፤ ይህኛው ግን ሰውን ከነእርሻው፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ ውስጡ አድርጎ ነው የሚነሳው። ቦታውን በሦስት ይከፍለዋል። እምብርቱ እንዳይነካ ይጠበቃል፤ በእምብርቱ ዙሪያ ባለው መከታ ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ ክፍል ከተማውና እርሻው ነው። አጥር የለውም። ለእግረኛ ይህ ደስ ይላል፣ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል፤ መስመሩ ያለው ካርታው ላይ ስለሆነ ማረሻው የት መቆም እንዳለበት መሬቱ አይናገርም።

ደንገልን ቀርበው ይዩት። ከሩቅ ሸምበቆ ይመስላል፤ በእጅ ሲይዙት ግን ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። አንጓ የለውም፤ ቅጠልም የለውም። አራት ሜትር ያህል ሽቅብ ይመዘዝና ጫፉ ላይ እንደ ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ይበተናል። ቢልጡት ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሚረግብ፣ አየር የታጨቀበት ነው። የጥንት ግብፃውያን ይህንኑ ነጩን ክፍል በስሱ እየሰነጠቁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አጋድመው እየቀጠቀጡ ወረቀት ያደርጉት ነበር። እኛ ዘንድ ጽሕፈቱ ለብራና ደረሰና ደንገል ለታንኳ ቀረ።

ታንኳ ሲሠራ ያየሁት ከባሕር ዳር ብዙም ሳልርቅ ነው። የታጨደው ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። ሠሪው ሽማግሌ አንድ ጉልበታቸውን ነዶው ላይ ጭነው ገመዱን በሁለት እጃቸው ይስባሉ፤ ነዶው ሲጥጥ ይላል፤ ያስሩታል፤ ሌላ ነዶ ይጨምሩበታል። ሚስማር የለ፣ ሳንቃ የለ።

"አባባ፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል?" አልኳቸው።

"እንደ ያዡ ነው ልጄ። ካላደረቁት ወርም አይሞላ" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ በቀዳዳ ውኃ አይገባበትም፤ እሱ ራሱ ውኃ ይጠጣል። ከሥራ ሲመለስ ከብዶ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ዛፍ ተደግፈው የቆሙ ታንኳዎች የሚያየው፤ ውኃቸውን እያንጠፈጠፉ ነው። እንደዚያ ተጠብቆም ዕድሜው ቢበዛ ጥቂት ወር ነው። ሙያውን ከጥንት ጀምሮ ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ የዘጌ ቡናና ማገዶም ለረጅም ዘመን ወደ ባሕር ዳር ገበያ የተሻገረው በዚሁ ታንኳ ነው።

ደንገሉ ከዚህም ርቆ ሄዷል። ኖርዌጂያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት በ1961 ዓ.ም. ሲነሳ፣ የፈርዖኖቹ ተክል ግብፅ ውስጥ እንደ ድሮው አልነበረም። ያስመጣው ከጣና ነው። "ራ" ብሎ የሰየማት ጀልባ ባሕሩን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ተበታተነች። በቀጣዩ ዓመት እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው "ራ ሁለት" ግን ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ይህን ታሪክ ለእንግዳ የሚተርክ አንድ ሰሌዳ ውኃው ዳር ቢተከል ምን ነበረበት!

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ረግረጉ ገበያ ነው። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ከዋርካው ጫፍ ይጮኻል። ረጃጅም ጣቶች ያላት ቡናማ ወፍ ውኃ ላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። በበጋው ወራት ደግሞ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ፣ ሽመላ የሚመስሉ ግራጫ ወፎች በሺዎች ይሰፍራሉ፤ ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ፣ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ከውኃው በታች ያለው አይታይም እንጂ ከሁሉ የሚያስደንቀው እሱ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጣናን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር ለብቻው ሲዋለድ ኖሮ ሌላ የትም የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶችን አስገኝቷል። ጫጩቱ ዓሣ ከትልቁ ዓሣ የሚሸሸግበት ጓዳም ይኸው ረግረግ ነው። ቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ በቀዳም ሥዑር ካህናቱ የሚያድሉት ቄጠማም የዚሁ የውኃ ዳር ልጅ ነው።

ዘጌ ላይ መሬቱ ከፍ ይልና ደን ይጀምራል። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ በሬ ጠምዶ ላያርስ፣ በእነዚህ ሊኖር ተስማማ። ትውፊቱን የተቀበለም ያልተቀበለም የሚያየው አንድ ነው። ዙሪያው ሁሉ በታረሰበት አገር ዘጌ ጥላ ነው። የእግር መንገዱ በቡና ዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ፣ በድንጋይ ካብ አጠገብ እያለፈ ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ይወስዳል፦ አዝዋ ማርያም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ራቅ ብሎ ደግሞ በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ።

ኡራ ውስጥ ብዙ ሰው ጊዮርጊስንና ዘንዶውን ያይና ይወጣል። እኔ የምመክረው በላዔ ሰብእን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሠርተው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። 78 ሰው የበላው ያ ሰው በመጨረሻ ነፍሱ ስትመዘን ሚዛኑን የደፋለት፣ በእመቤታችን ስም ለለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። በረግረጉ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ፣ በባዶ እግሩ ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ያቺን ጥርኝ ውኃ አቃልሎ አያያትም።

ስለ እምቦጭ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ወጣቱ ከየአገሩ እየመጣ ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል። የሚመቸው ግን ምኑ ነው? ወንዞቹ ከእርሻው ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። ያንን ደለል አጥልሎ የሚያስቀረው ደግሞ የደንገሉና የፊላው ሥር ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ በታረሰ ቁጥር ለአረሙ ቀለብ እየሰፈርን ነው። ስለ እምቦጭ የጮህነውን ሩብ ያህል ስለ ደንገሉ አልጮህንም፤ ይህ የእኔ ቅሬታ ነው።

መሄድ ካሰቡ፣ አስቀድመው የመንገዱን ጸጥታ ይጠይቁ። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በክረምት ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። አስጎብኚ ከአካባቢው ልጆች ይያዙ፤ የጉማሬውን መውጫ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው አደጋ ላይ ነው። ሴቶች ነጠላ አይርሱ፤ የደሴቶቹ ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማያስገቡ፣ የዘጌዎቹ ግን እንደሚያስገቡ ይወቁ። በእግር መሄዱ ካልሆነልዎትና ጀልባ ከያዙ ደግሞ ለባለ ጀልባው አንድ ነገር ይንገሩት፦ ደንገሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋው።